ዳገት ላይ የማይተኛ ቱርቦ፦ ለጎጃም ከፍታ የሚሆን አመራረጥ ከደረጃ ወደ ደረጃ

ሰው ቱርቦ (በሞተሩ ጭስ እየዞረ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ ዕቃ) ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ፈረስ ያወጣል?» ብሎ ነው። ጣጣው የሚጀምረውም እዚያው ላይ ነው። ትልቁ ይገዛል፣ ይገጠማል፣ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ዳገቱ ሲጀመር መኪናው 4,500 ዙር ካልደረሰ አይነቃም። በዚያ ሁሉ መታጠፊያ 4,500 ዙር ላይ ማን ይነዳል? ሌላው ደግሞ ትንሽ ቱርቦ ገዝቶ፣ ቪዲዮ ላይ ያየውን ቡስት (ቱርቦው ከውጭው አየር በላይ የሚጨምረውን ግፊት) ደብረ ማርቆስ ላይ ይሞላል። መጀመሪያ ይጥማል፣ ቆይቶ ያፏጫል፣ በመጨረሻ ዘይት ይተፋል።

የሁለቱም ምንጭ አንድ ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ የተሰላ ቁጥር እንዳለ ወደ ጎጃም ማምጣት። ከዚህ በታች ያለው ስሌት ባለ 2.0 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር ቤንዚን ሞተር ይዞ ይሄዳል። የእናንተ ሌላ ከሆነ ቁጥሩን ቀይሩ፤ ቅደም ተከተሉን ግን አትዝለሉ።

1. ከቱርቦው በፊት ሞተሩን መርምሩ

የደከመ ሞተር ላይ ቱርቦ መግጠም ገንዘብ ማቃጠል ነው። እነዚህን ሳታዩ ሻጭ ጋ አትሂዱ፦

- ኮምፕሬሽን ለኩ። ሞተሩ ሙቅ ይሁን፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ይውጡ፣ ነዳጅ ሙሉ ይረገጥ። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ካለፈ ቆም በሉ። ፋሻ ወይም ቫልቭ ይጠብቃችኋል።
- ማርቆስ ላይ የምታነቡት ቁጥር በማኑዋሉ ከተጻፈው በሩብ ገደማ ቢያንስ አትደንግጡ። አየሩ ራሱ ስስ ነው። እዚህ ዋናው ነገር ልዩነቱ ነው።
- የራዲያተር ክዳኑን ፈትሹ። ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ ማርቆስ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ግፊት የማይዝ ክዳን ካለ ሞተሩ ዳገቱን ሳይጨርስ ይፈላል።
- ፍሪሲዮኑን አራተኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ በመርገጥ ሞክሩት። ዙሩ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተከተለ፣ ቱርቦ ሲጨመርበት ጨርሶ ይለቃል።

ከነዚህ አንዱ ከጎደለ የቱርቦው ብር መጀመሪያ ወደዚያ ይሂድ።

2. የምትነዱበትን ዙር ጻፉ

«ቶሎ የሚነሳ» ማለት በስንት ዙር ነው? መልሱ በግምት አይሰጥም። አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው የዙር መቁጠሪያውን በስልኩ ይቅረጽ። ሹፌሩ ስልክ አይነካም። ከባሕር ዳር በመራዊና በዳንግላ አድርጋችሁ እስከ እንጅባራ ንዱና ቪዲዮውን ተቀምጣችሁ ተመልከቱ። ብዙ ሰው ከ2,500 እስከ 4,500 ባለው ውስጥ እንደሚውል ያገኘዋል። ከ6,000 በላይ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው፤ ያውም ጓደኛ አብሮት ካለ።

እንግዲህ ግባችሁን በአንድ መስመር ጻፉት፦ «ሙሉ ቡስት እስከ 3,200 ዙር ድረስ ይምጣ።» ይህ መስመር ከፈረስ ጉልበቱ በፊት ይመጣል። ሁለቱ ሲጋጩ ፈረሱ ይቀንስ።

3. የአካባቢያችሁን የአየር ግፊት እወቁ

በግምት እንዲህ ነው፦

- ባሕር ጠለል፦ 101 ኪሎፓስካል
- ዓባይ ድልድይ፣ 1,100 ሜትር አካባቢ፦ 90 ገደማ
- ባሕር ዳር፣ 1,800 ሜትር አካባቢ፦ 82 ገደማ
- ደብረ ማርቆስ፣ 2,450 ሜትር አካባቢ፦ 76 ገደማ

የራሳችሁን ለማግኘት ስካነር ሰኩ፣ ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩን ግን አታስነሱ። የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር ያለው መኪና ከሆነ በዚያች ሰዓት የሚያሳየው ቁጥር የውጭው አየር ግፊት ነው። የስልክ የአየር ሁኔታ አፕ አትመኑ። ባሕር ዳር ቁጭ ብላችሁ 1,015 ሄክቶፓስካል ይላችኋል፤ ቁጥሩን ወደ ባሕር ጠለል መልሶ አስልቶት ነው።

4. አየሩን አስሉ

ይህን ደረጃ ሰው ይፈራዋል። የሚያስፈልገው ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። ግባችን 250 የፈረስ ጉልበት ይሁን።

ሀ. ነዳጅ። ቱርቦ ያለው ቤንዚን ሞተር በሰዓት ለአንድ ፈረስ 0.23 ኪሎ ነዳጅ ይበላል ብላችሁ ያዙ። 250 ሲባዛ በ0.23፣ 57.5 ኪሎ በሰዓት ነው።

ለ. አየር። በሙሉ ጭነት ለአንድ ኪሎ ነዳጅ 12 ኪሎ አየር ስጡት። 690 ኪሎ በሰዓት ይሆናል። በ60 ስታካፍሉት 11.5 ኪሎ በደቂቃ።

ሐ. ሞተሩ የሚውጠው መጠን። ባለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንዴ ነው የሚሞላው። 2.0 ሊትር ሲባዛ በ3,250 (የ6,500 ዙር ግማሽ)፣ ሲባዛ በ0.92 (ሙሉ በሙሉ ስለማይሞላ)፣ 5,980 ሊትር ነው። 5.98 ሜትር ኩብ በደቂቃ ማለት ነው።

መ. እፍጋት። 11.5ን ለ5.98 አካፍሉ፤ 1.92 ኪሎ በሜትር ኩብ።

ሠ. ግፊት። እፍጋቱን በ0.287 አባዙ፣ ከዚያ 273 ሲደመር ከኢንተርኩለሩ (የቱርቦውን ትኩስ አየር ከሚያቀዘቅዘው) በሚወጣው አየር ሙቀት አባዙ። 50 ዲግሪ ብንል 323 ነው። ውጤቱ 178 ኪሎፓስካል ገደማ። ይህ አጠቃላይ ግፊት ነው፤ የውጭው አየርም በውስጡ አለ።

አሁን የውጭውን አየር ቀንሱለት። ባሕር ጠለል ላይ የሚፈለገው ቡስት 77 ነው፣ ከ0.8 ባር በታች። ማርቆስ ላይ 102፣ ማለትም 1 ባር። ያው ሞተር፣ ያው ጉልበት፤ ቱርቦው ግን እዚህ ብዙ ይለፋል።

5. የግፊት ጥምርታውን አውጡ

ቱርቦ ስንት ጊዜ እንዳባዛ እንጂ ስንት እንደጨመረ አይገደውም። ስለዚህ መውጫውን ለመግቢያው አካፍሉ። ኢንተርኩለሩና ቱቦው 10 ያህል ስለሚበሉ መውጫው 188 ይሁን። ፊልትሮው ደግሞ 3 ያህል ስለሚይዝ ከውጭው አየር ላይ 3 ቀንሱ።

- ባሕር ጠለል፦ 188 ለ98፣ 1.9
- ዓባይ ድልድይ፦ 188 ለ87፣ 2.2
- ባሕር ዳር፦ 188 ለ79፣ 2.4
- ደብረ ማርቆስ፦ 188 ለ73፣ 2.6

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘሉት አንድ ነገር ይቀራል። የኮምፕሬሰር ማፕ (የቱርቦው አየር ገፊ ጎን በምን ፍሰትና ጥምርታ እንደሚሠራ የሚያሳይ ሥዕል) ላይ ያለው የአየር ፍሰት የተጻፈው ለተወሰነ የመግቢያ ግፊት ነው። ያ ግፊት በማፑ ጥግ ወይም በካታሎጉ ላይ ሰፍሮ ይገኛል። 96 ኪሎፓስካል ከሆነ ፍሰታችሁን በ96 አባዙና ለራሳችሁ መግቢያ ግፊት አካፍሉ። ማርቆስ ላይ 11.5 የነበረው 15 ኪሎ በደቂቃ ይሆናል። ብዙ ማፕ በፓውንድ ስለሚጻፍ በ2.2 አባዙት፤ 33 ፓውንድ በደቂቃ። ባሕር ጠለል ላይ ግን 25 ገደማ ብቻ ነበር። ቪዲዮ ላይ «ለ250 ፈረስ ይበቃል» የተባለው ትንሽ ቱርቦ ማርቆስ ላይ ከማፑ ጠርዝ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ከልክ በላይ ይሽከረከራል፣ አየሩን ያግላል፣ በመጨረሻም ዘንጉ ይሄዳል።

እኔን ብትጠይቁኝ ማርቆስና ደጀን አካባቢ ለምትነዱ በ2.0 ሊትር 210 ፈረስ ላይ አቁሙ። ስሌቱን በ210 ድገሙት፤ የግፊት ጥምርታው ወደ 2.2፣ የማፑ ፍሰት ወደ 28 ፓውንድ ይወርዳል። አነስ ያለ ቱርቦ ይበቃችኋል ማለት ነው፤ አነስ ያለው ደግሞ ቶሎ ይነሳል። የተውናት 40 ፈረስ የምትገኘው 6,000 ዙር አካባቢ ነው፤ ደረጃ 2 ላይ ደግሞ እዚያ እንደማትደርሱ አይታችኋል።

6. ማፑ ላይ ሁለት ነጥብ አስቀምጡ

አንድ ነጥብ ብቻ የሚያስቀምጥ ሰው ግማሹን ሥራ ነው የሠራው።

የመጀመሪያው የላይኛው ዙር ነው፦ 28 ፓውንድ፣ ጥምርታ 2.2። ይህ ነጥብ ከማፑ ቀኝ ጠርዝ ቢያንስ 10 በመቶ ወደ ውስጥ ይግባ። ከመጨረሻው የፍጥነት መስመርም በታች ይሁን።

ሁለተኛው 3,000 ዙር ላይ ነው። ፍሰቱ በዙሩ ልክ ስለሚቀንስ 13 ፓውንድ ገደማ ይመጣል፤ ጥምርታው ያው 2.2። ይህ ነጥብ በግራ በኩል ካለው የሰርጅ መስመር በስተቀኝ መዋል አለበት። በስተግራ ከዋለ ቱርቦው በዝቅተኛ ዙር አየር መልሶ ይተፋል። ነጥቡ መስመሩ ላይ ከተቀመጠ «ይሆናል» ብላችሁ አትለፉት። ሌላ ኮምፕሬሰር ፈልጉ።

ሻጩ ማፕ ከሌለው የኮምፕሬሰሩን ዊል (የቤቱን ሳይሆን የሚዞረውን ባለ ቢላ ክፍል) መግቢያና መውጫ ዲያሜትር በካሊፐር ለኩ። ለምሳሌ ጋሬት ጂቲ2860አርኤስ መግቢያው 47.2፣ መውጫው 60.1 ሚሊሜትር ነው። መግቢያውን ለመውጫው አካፍሉ፣ ውጤቱን በራሱ አባዙ፣ በመቶ አባዙ፤ 62 ይመጣል። ይህ ትሪም የሚባለው ነው። የለካችሁት ቁጥር በሞዴሉ ስም ከሚታወቀው ካልገጠመ ስያሜው ከዕቃው ጋር አይሄድም፤ ተዉት።

7. የተርባይኑን ጎን ምረጡ

ቶሎ መንቃትን በይበልጥ የሚወስነው ይህ በጭስ የሚዞረው ጎን ነው።

- የተርባይን ቤቱ ኤ/አር (የጭስ መተላለፊያው ስፋት መለኪያ) ባነሰ ቁጥር ቶሎ ይነሳል፣ በላይኛው ዙር ግን ጭሱን ያንቃል። ከላይ የጠቀስነው ቱርቦ በ0.64 እና በ0.86 ይመጣል። ለመንገድ መኪና 0.64ን ያዙ።
- መንትያ መግቢያ ያለው ተርባይን በአራት ሲሊንደር ላይ ጥሩ ነው፤ ግን ማኒፎልዱም 1ን ከ4፣ 2ን ከ3 ለይቶ የሚያመጣ ከሆነ ብቻ። በተራ ማኒፎልድ ላይ ብትገጥሙት ትርፉ ወጪ ነው።
- ባለ ኳስ ኩሽኔታ ቱርቦ ቀድሞ ይነሳል። ግን ቆሻሻ ዘይት አይወድም፣ ሲበላሽም አብዛኛውን ጊዜ መሐሉ በሙሉ ነው የሚቀየረው። የምትገዙት ዘይት ኦሪጅናል ለመሆኑ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ተራውን ኩሽኔታ ምረጡ። ትንሽ ይዘገያል፤ ጥገናው ግን ቀላል ነው።
- ከቱርቦው በኋላ ያለውን ቧንቧ ሰፋ አድርጉት፤ ከ2.5 እስከ 3 ኢንች። ጠባብ ማርሚታ የመረጣችሁትን ሁሉ ያበላሻል።

8. ስትገዙ እጃችሁና ባትሪያችሁ ይሥሩ

አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ ባትሪና ንጹህ ጨርቅ ያዙ። ሻጩ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ጃፓን ነው፣ አይነካም» ይላችኋል። እናንተ ንኩት።

ዘንጉን በጣታችሁ ያዙና ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግፉት። በእጅ የሚሰማ እንቅስቃሴ ካለ አትግዙ። ቀጥሎ ወደ ጎን አወዛውዙት። በተራ ኩሽኔታ ትንሽ መወዛወዝ ያለ ነው፤ ዊሉ ግን እየዞረ ከቤቱ ግድግዳ መንካት የለበትም። የቢላዎቹን ጠርዝ በባትሪ ተመልከቱ። የተበላ፣ የታጠፈ፣ በአሸዋ የተፋቀ የሚመስል ካለ ፊልትሮ ሳይኖረው ሠርቷል ማለት ነው። በተርባይኑ በኩል ርጥብ ጥቁር ዘይት ካለ ማኅተሙ አልቋል። የተርባይን ቤቱ ውስጥ፣ በተለይ በዌስትጌቱ (ትርፍ ጭስ በጎን አሳልፎ ቡስቱን የሚገድበው በር) ቀዳዳ ዙሪያ፣ ስንጥቅ ፈልጉ።

የስም ሰሌዳው ያብረቀርቃል፣ ብረቱ ግን ሻካራና ፊደሉ የተዛባ ነው? ፎርጂድ ነው።

9. የአገጣጠም ቅደም ተከተል

ሀ. የዘይት ማስገቢያ ቱቦ አዲስ ይሁን። ለኳስ ኩሽኔታ 1 ሚሊሜትር ገደማ ማጥበቢያ ያስፈልጋል፤ ለተራው አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም።

ለ. የዘይት መመለሻው ሰፊ ይሁን፣ ሳይታጠፍ ወደ ታች ይውረድ፣ ከካርተሩ የዘይት መጠን በላይ ይግባ። ዘይቱ የሚመለሰው በራሱ ክብደት ነው። እዚህ የተሳሳተ ሰው አዲስ ቱርቦ ያጨሳል፣ ከዚያ ሻጩን ይረግማል።

ሐ. ፊልትሮውን ከሞተሩ ሙቀት አርቁት፣ ሳጥን ውስጥም አስገቡት። በበጋ የፒስታ መንገድ አቧራ ክፍት ፊልትሮ አይችለውም።

መ. ካንዴላ አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ አድርጉ፣ ክፍተቱንም ወደ 0.7 ሚሊሜትር አጥብቡ።

ሠ. የቱርቦውን የአየር መግቢያ በክዳን ዘግታችሁ በጎማ መንፊያ ትንሽ አየር ስጡ። 0.5 ባር ይበቃል። መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና ውሃ ቀቡ። አረፋ የወጣበት ሁሉ ይጠበቅ።

ረ. የኢንጀክተር ፊውዙን አውጥታችሁ ሞተሩን በስታርተር አዙሩት፣ ዘይት እስኪደርስ። ከዚያ አስነሱት፣ ለጥቂት ደቂቃ ነዳጅ ሳትነኩ ተዉት።

10. ቡስቱን ከገደል ጋር አስታርቁ

ይህን ደረጃ በጥንቃቄ አንብቡት። እዚህ አገር ሞተር የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

በስፕሪንግ ብቻ የሚሠራ ዌስትጌት ቡስቱን የሚቆጣጠረው ከውጭው አየር በላይ ባለው ልክ ነው። ማርቆስ ላይ 1 ባር ካስተካከላችሁት አጠቃላዩ 176 ነው። ያው መኪና ዓባይ ድልድይ ሲወርድ 190 ይሆናል። በዚያ ላይ ሸለቆው ይሞቃል። ማርቆስ ላይ ያልነበረ መንኳኳት ድልድዩን አልፎ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ይመጣል። ስለዚህ የማቀጣጠያው ጊዜ ሲስተካከል ለሸለቆው ግፊትና ሙቀት መጠባበቂያ ይቀመጥለት።

ኢሲዩው (የሞተሩ ኮምፒውተር) አጠቃላይ ግፊት ጠብቆ የሚሠራ ከሆነ ችግሩ ተገልብጦ ይመጣል። ድልድዩ ላይ 178 የሰጠው ኢሲዩ ደጀንም ላይ 178 ለመስጠት ቱርቦውን ከአቅሙ በላይ ያዞረዋል። የሚያስተካክልላችሁን ሰው «የውጭው ግፊት ሲወርድ ቡስቱም ይውረድ» በሉት። ይህን ካልገባው ሌላ ሰው ፈልጉ።

የመጀመሪያው ሙከራ በስፕሪንግ ግፊት ብቻ ይሁን። የአየርና የነዳጁ ጥምርታ በሙሉ ቡስት ከ11.5 እስከ 12 መካከል መቆየቱን በዋይድባንድ (ጥምርታውን ከጭሱ በሚለካው ሴንሰር) እዩ። ከ12.5 ካለፈ እግራችሁን ወዲያው አንሱ። በሃይላንድ ከሚሸጥ ቤንዚን ጋር ቡስት አይሞከርም፤ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ሌላ ነዳጅ ከጠፋ ቡስቱ በስፕሪንጉ ላይ ይቆይ፣ ነዳጅም ሙሉ አይረገጥ። ሙከራውን ደግሞ ከብት፣ አህያና ባጃጅ በሚመላለስበት አስፋልት ላይ አታድርጉት።

11. ሲበላሽ

ቡስት ይዘገያል። ቱርቦውን ከመውቀሳችሁ በፊት የጭስ ማውጫ ማኒፎልዱን ጓርኒሲዮን እዩ። ከተርባይኑ በፊት የሚያመልጥ ጭስ ቱርቦውን ያስተኛዋል፤ ጥቁር ጥላሸት ያረፈበት ቦታ ይናገራል። ቀጥሎ ዌስትጌቱ ጥርቅም ብሎ መዘጋቱን በእጅ አረጋግጡ። ቀጥሎ የሳሙናውን ሙከራ ድገሙ። እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ብቻ ኤ/አሩ ትልቅ ነው በሉ።

ነዳጅ ስትለቁ ይንተፈተፋል። ብሎው ኦፉ (ነዳጅ ሲለቀቅ የታመቀውን አየር የሚያስወጣው ቫልቭ) አልተከፈተም፤ የቫኪዩም ቱቦውን ተመልከቱ። ነዳጅ ረግጣችሁ እያለ በ3,000 ዙር ከተንተፈተፈ ግን ሰርጅ ነው። በዝቅተኛ ዙር ቡስቱን ቀንሱ።

ዙር ሲጨምር ቡስቱ ካስተካከላችሁት እያለፈ ይወጣል። የዌስትጌቱ ቀዳዳ ጠቧል። ስፕሪንግ ብትቀይሩ ለውጥ የለውም። ቀዳዳው ይሰፋል ወይም የውጭ ዌስትጌት ይገጠማል። እስከዚያ ከ4,000 ዙር በላይ አትርገጡ።

ሰማያዊ ጭስ። ቱርቦውን አውርዳችሁ ከመፍታታችሁ በፊት የዘይት መመለሻውን ንቀሉና ዘይቱ በነጻነት መውረዱን እዩ። የካርተሩንም መተንፈሻ ፈትሹ፤ ሲዘጋ ዘይቱ መውረጃ ያጣል።

ጥቁር ጭስ ከኃይል መቀነስ ጋር። አየር ከተለካ በኋላ እያመለጠ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከኢንተርኩለር ቱቦ። ክላምፑን አጥብቁ፤ ቱቦው ላይ ዘይት ካለ አጽዱት፣ በዘይት ላይ የተጠበቀ ጎማ ተመልሶ ይወጣል።

እንደ ሳይረን እየጠነከረ የሚሄድ ፉጨት። ሞተሩን አጥፉ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ የመግቢያ ቱቦውን ንቀሉና ዘንጉን በጣት አወዛውዙ። ዊሉ ቤቱን ከነካ መኪናው በራሱ አይነዳም፤ ተጎትቶ ይሂድ። የተሰበረ ቢላ ወደ ሲሊንደር ከገባ ቱርቦ መቀየሩ ቀርቶ ሞተር ማውረድ ይመጣል።